ክንዴ ላይ ያለው ንቅሳት ለባንክ ሥራ ዕንቅፋት ሊሆን ይገባልን?

ጥያቄ፦ የጋይንት ልጅ

ውድ አባላት፣

በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ባንክ ለካሸርነት ተወዳድሬ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ካለፍሁ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ቀረብሁ። ቃለ መጠይቁ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቆ ከወንበሬ ልነሣ ስል፣ ከጠያቂዎቹ አንዷ እጅጌዬ ሸርተት ባለበት በኩል የግራ ክንዴን አይተው «ይሄ የሚለቅ ነው ወይስ ቋሚ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቋሚ መሆኑን ስነግራቸው አጠገባቸው ከተቀመጡት ሰው ጋር ተያዩና ፋይሌን ዘጉት። በሦስተኛው ቀን ከሰው ሀብት ክፍል ተደውሎልኝ ማለፌ ተነገረኝ፤ ሆኖም በደንበኛ ፊት የሚታይ ታቱ ስለማይፈቀድ ወይ በሌዘር እንዳስጠፋው፣ ወይ ደግሞ በሥራ ሰዓት ሁልጊዜ ሸፍኜው ለመሥራት ፈርሜ እንድገባ ምርጫ ተሰጠኝ። ደንቡ የተጻፈበትን ወረቀት ለማየት ስጠይቅ «የተለመደ አሠራር ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘሁም። እስከ መጪው ዓርብ ውሳኔዬን እንዳሳውቅ ይጠብቁኛል።

ስለ ንቅሳቱ ጥቂት ልናገር፤ ያለዚያ ጥያቄዬ ግልጽ አይሆንም። ጌጡ ከአያቴ አንገት የተቀዳ ነው። አያቴ አንገቷ ዙሪያውን በመስመር የተነቀሰ ሲሆን፣ ከታችኛው መስመር ሥር የማርዳ ፍሬ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተደርድረውበት ነበር፤ ግንባሯ ላይም መስቀል ነበራት። ድዷ ስለ ተነቀሰ ስትስቅ ጥርሷ ከጥቁር ሰማያዊው ድድ ሥር እንደ ወተት ይነጣ ነበር። ድዷን የተነቀሰችው ከማግባቷ በፊት እንደ ሆነ፣ ነቃሿ ሴት በክር የታሰሩ መርፌዎችና የኩራዝ ጥላሸት ይዛ ቤታቸው እንደ መጣች፣ ከዚያ በኋላም ለቀናት እህል መቅመስ አቅቷት እርጎ ብቻ እየጠጣች እንደ ሰነበተች ደጋግማ አጫውታኛለች። ሕመሙን ስታወራ ፊቷ ላይ ኩራት እንጂ ምሬት አይቼ አላውቅም። ካረፈች በኋላ በስልኬ አንሥቻት የነበረውን ፎቶ ወደ አንድ ንቅሳት ቤት ወስጄ፣ ከአንገቷ ጌጥ የታችኛውን ረድፍ ብቻ ክንዴ ላይ አሠራሁት። ርዝመቱ ከመሀል ጣቴ አይበልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ቃለ መጠይቁ በተካሄደበት ክፍል የባንኩ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። የወሩ ሥዕል ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ጥጥ የሚፈትሉ፣ አንገታቸው እስከ አገጫቸው ሥር የተነቀሰ እናትን የሚያሳይ ነው። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ልብ አላልሁትም፤ ስልኩ ከተደወለ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ሸፍኜ ልግባ ወይስ ልከራከር? በመሥሪያ ቤታችሁ ስለሚታይ ንቅሳት ያለውን አሠራርና አመለካከትስ እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፦ ከሰው ሀብት ክፍል

በፋይናንስ ተቋማት የሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ስለ ሠራሁ፣ እርስዎን ቃለ መጠይቅ ያደረጉት ሰዎች ምን እንደሚያስቡ ሳላለባብስ ላስረዳዎት።

ንቅሳት ያለባት ካሸር ብር ስትቆጥር ትሳሳታለች ብሎ የሚያምን ሥራ አስኪያጅ የለም። ሥራ አስኪያጁ የሚፈራው በገዛ ራሱ ዓይን ያየውን ሳይሆን፣ ደንበኛው ያያል ብሎ የሚገምተውን ነው። በአእምሮው ያለው ደንበኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ሚሊዮኖች ያስቀመጡና አንድ ነገር ካልተመቻቸው ሒሳባቸውን ዘግተው ወደሚቀጥለው ሕንፃ የሚሻገሩ አባት። እኒህ አባት ስለ ንቅሳት ምን እንደሚሰማቸው ግን ጠይቀን አናውቅም። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ስለ ሠራተኛ ክንድ የቀረበ የደንበኛ አቤቱታ አንድም አላስታውስም፤ ስለ ረጅም ሰልፍና ስለ ተቋረጠ ኔትወርክ የቀረበው ግን ፋይል ሞልቶ ነበር።

ይህን ስል ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ከዓመታት በፊት ጣቶቹ ላይ ፊደላት የተነቀሰ ወጣት ለመጋዘን ሠራተኛነት አመልክቶ ነበር። መጋዘን ውስጥ ደንበኛ አይገባም። እኔ ግን ጣቶቹን ሳይ «ይሄ ልጅ የት ኖሮ የመጣ ነው?» የሚል ጥያቄ በውስጤ ስለ ተነሣ፣ ምን ማለት እንደ ሆነ እንኳ ሳልጠይቀው ማመልከቻውን ከሥር አደረግሁት። ንቅሳትን ከዱርዬነትና ከእስር ቤት ጋር አያይዤ ያደግሁ በመሆኔ ከዚያ በላይ ምክንያት አላስፈለገኝም ነበር። ዛሬ ቢሆን ቢያንስ እጠይቀዋለሁ።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ በተግባር የንቅሳቱ ቦታ ከንቅሳቱ ይልቅ ይወስናል። ፊት፣ አንገትና እጅ ላይ ያለ ንቅሳት ለድርድር የሚያስቸግር ሲሆን፣ ክንድ ላይ ያለው ግን እጅጌ ስለሚሸፍነው አብዛኛው ቀጣሪ ያልፈዋል። ሌዘሩን ግን አይቀበሉ። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ በእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ቦታው ነጥቶ ወይም ጠባሳው አብጦ ሊቀር ይችላል። ለካሸር ደመወዝ ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይመስለኝም።

መልስ፦ የቅርንጫፍ ሰው

እኔ በዚህ ጉዳይ ከቀጣሪው ጋር ነኝ። ባንክ ስንገባ ክራባት እንድናስር፣ ጫማችንን እንድንወለውል፣ ጥፍራችንን እንድንቆርጥ ሲነገረን ባህላችን ተነካ አላልንም። በመስኮቱ በኩል የሚታየው የባንኩ ፊት እንጂ የእኔ ፊት አይደለም። ዛሬ የአያት ጌጥ ከተፈቀደ ነገ የእግር ኳስ ቡድን አርማ አንገቱ ላይ የተነቀሰ ሠራተኛ በምን ምክንያት ይከለከላል? ሥራ አስኪያጅ የየሰዉን ንቅሳት ትርጉም እየመረመረ ይሄ ባህል ነው፣ ይሄ ፋሽን ነው እያለ ሊፈርድ አይችልም። ለሁሉም እኩል «ይሸፈን» ማለት ይሻላል። እርግጥ ነው፣ እኩል የሚባለው ደንብ ከተጻፈ ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል ጠያቂዋ እውነት አላት።

መልስ፦ ነርሷ ከለንደን

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብሁት። የእኔ ሙያ መሸፈን የማይቻልበት ስለ ሆነ ልምዴን ላካፍልሽ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሕሙማንን የሚነካ ሠራተኛ ከክርኑ በታች ክንዱ ባዶ መሆን አለበት፤ ረጅም እጅጌ፣ ሰዓትና አምባር ተሐዋስያን ይዘው ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ያሻግራሉ ተብሎ የተደነገገ ነው። ስለዚህ የክንድ ንቅሳት ያለው ነርስ ቢፈልግም ሊደብቀው አይችልም። ክፍሌ ውስጥ ከምንሠራው መካከል ክንዱ ላይ ንቅሳት የሌለው ሰው ቁጥር ያንሳል። አበባ አለ፣ የልጅ ስም አለ፣ አንዱ ባልደረባዬ የሞተበትን ውሻ ፊት አስነቅሷል። ሕሙማኑ እንደ ወሬ መጀመሪያ ይጠቀሙበታል እንጂ የሚከፋው ሰው አልገጠመኝም።

ይህ ማለት ግን ሕጉ ንቅሳትን ይጠብቃል ማለት አይደለም። የ2010 እ.ኤ.አ. የእኩልነት ሕግ ንቅሳትን ከሚጠበቁት ማንነቶች ውስጥ አልቆጠረውም፤ እንዲያውም ማስፈጸሚያ ደንቡ ንቅሳት እንደ ከባድ የመልክ ጉድለት ተቆጥሮ ከለላ እንዳያገኝ በግልጽ አውጥቶታል። ለውጡን ያመጣው ሠራተኛ ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ። ቨርጂን አትላንቲክ በ2022 እ.ኤ.አ. የበረራ አስተናጋጆቹ ንቅሳታቸውን እንዲያሳዩ ሲፈቅድ፣ ከወረርሽኙ በኋላ አየር መንገዶች ሁሉ ሰው ፍለጋ ላይ የነበሩበት ጊዜ ነበር። በዚያው ሙያ በኤሚሬትስ ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው ደግሞ የደንብ ልብሱን ለብሶ የሚታይ ንቅሳት ሊኖረው አይገባም። አንዲት ሴት በአንዱ ዘንድ ተቀባይነት ያገኘችበት ክንድ፣ በሌላው ዘንድ ማመልከቻዋን ያስጥላታል።

አንቺን የሚመለከተው ግን የኒውዚላንዱ ይመስለኛል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪ ሴቶች አገጫቸውን የሚነቀሱበት ጌጥ ለረጅም ዘመን ከቢሮ ሥራ ጋር አይሄድም ተብሎ ሲታይ ኖሯል። የአገሩ አየር መንገድ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ክልከላውን አነሣ፤ በቀጣዩ ዓመት አገጫቸው የተነቀሰ ናናያ ማሁታ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የእሳቸውን ፎቶ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ትዝ ያሉኝ የእናቴ እኅት ናቸው፤ ከወሎ አዲስ አበባ ከመጡ ጀምሮ በሙቀትም በብርድም ከአንገታቸው ሻርፕ አውልቀው አያውቁም ነበር።

እኔ ራሴ የግራ አንጓዬ ላይ ትንሽ መስቀል አለኝ። በሥራዬ ምክንያት ከአስተዳደር አንድ ቃል ተናግሮኝ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ግን አንዲት ሐበሻ እናት በሽተኛ ሆነው እኔ ካለሁበት ክፍል ተኙ። የደም ግፊታቸውን ልለካ ክንዳቸውን ስይዝ አንጓዬን አገላብጠው ተመለከቱና «ማን ነቀሰሽ?» አሉኝ። ሱቅ ገብቼ በገንዘብ ያሠራሁት መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። «እንዲህማ ከሆነ ጨዋታ ነው» አሉ። የእሳቸው ግንባር ላይ ተመሳሳይ መስቀል አለ፤ ከዕድሜ ብዛት ደብዝዞ በሽብሽባቱ መካከል ተከፋፍሏል። የተቆጡት በመስቀሉ ሳይሆን ማንም ሳያዝዘኝ ራሴ መርጬ በማድረጌ እንደ ሆነ የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው። ጠያቂሽም ምናልባት «ይህን ማን ፈቀደላት?» የሚል ነገር ሳይሰማቸው አልቀረም። እንዲህ ያለውን ስሜት በሕግ አንቀጽ አትከራከሪውም።

መልስ፦ የቀድሞ መምህር

ልጄ፣ ስለ አያትሽ ያነበብሁት ልቤን ነክቶታል፤ ሆኖም ማንም ያላነሣውን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በማስተማር ላይ በነበርንበት ጊዜ ንቅሳት «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች» በሚል ርእስ ሥር ከእንጥል ማስቆረጥና ከግግ ማስወጣት ጋር በአንድ መስመር ይዘረዘር ነበር። እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ምክንያቱም በቂ ነበር፤ ባልጸዳ አንድ መርፌ ብዙ ልጃገረዶች ይነቀሱ ስለ ነበር ቴታነስ የሚያስይዝ፣ የጉበት ቫይረስና በኋላም ኤች አይ ቪ የሚተላለፍበት መንገድ ነበር። እኛ ያስተማርነው ስለ መርፌው ነው። ልጆቹ ይዘውት ወደ ቤታቸው የሄዱት ግን በእናቶቻቸው አንገት ማፈርን ነው። አንድ ተማሪዬ ለወላጆች ቀን እናቱን ይዞ እንዲመጣ ብነግረው አክስቱን ይዞ መጣ፤ ለምን ብዬ ስጠይቀው «እናቴ ትነቀሳለች» አለኝ፤ የተነቀሰች ናት ለማለት ነው። ያ ልጅ ዛሬ በአንቺ ጠያቂዎች ዕድሜ ላይ ይሆናል።

ጥቅስ የሚጠቅሱብሽም አይጠፉም። ዘሌዋውያን 19፥28 ገላን መንቀስ እንደሚከለክል የሚያስታውስ ሁሉ፣ የገዛ አያቱ ግንባር ላይ መስቀል መኖሩን በዚያው ቅጽበት ይዘነጋል። ያንቺ መርፌ አዲስና ንጹሕ ከነበረ እኔ በበኩሌ የምቃወምበት ነገር የለኝም።

መልስ፦ የሥራ ሕግ ጠበቃ

ከላይ የተሰጡትን አስተያየቶች ዋጋ ሳልነሣ፣ ለእርስዎ ከዓርብ በፊት የሚጠቅምዎትን ለይቼ ላስቀምጥ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ንቅሳትን በስም አይጠቅስም። አንቀጽ 14 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ኢትዮጵያ በ1966 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው 111ኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነትም ጥበቃውን ሥራ እስከ ማግኘት ድረስ ይዘረጋዋል። እንግዲህ ጥያቄው «ንቅሳት ይከለከላል ወይ?» ሳይሆን፣ ክልከላው ሲተገበር በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ክንዱ ላይ ዘንዶ ያስነቀሰ ወጣት «ለምን ሸፍን ተባልሁ?» ቢል ክርክሩ ደካማ ነው። ግንባሯ ላይ መስቀል ያለባት ሴት በዚሁ ደንብ ብትባረር ግን ደንቡ በሃይማኖቷ፣ በፆታዋና በመጣችበት አካባቢ ላይ ማረፉን ማሳየት ይቻላል። በአሜሪካም ሕጉ ንቅሳትን በራሱ አይጠብቅም፤ ነገር ግን ሬድ ሮቢን የተባለው ምግብ ቤት አንጓው ላይ ሃይማኖታዊ ጽሑፍ የተነቀሰ አስተናጋጁን አልሸፍንም በማለቱ በማባረሩ ተከሶ በ2005 እ.ኤ.አ. 150,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን በስምምነት ዘግቷል። የእርስዎ ንቅሳት በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ባህላዊ መነሻ አለው፤ በምርጫዎ የተሠራ መሆኑም አይካድም። ስለዚህ አሁን ፍርድ ቤት እንዲሄዱ አልመክርም።

የሚያሳስበኝ የሚፈርሙት ወረቀት ነው። «በሥራ ሰዓት እሸፍናለሁ» የሚል ከሆነ ይፈርሙ። «አንድ ጊዜ ሳልሸፍን ብገኝ ያለ ማስጠንቀቂያ ልሰናበት ተስማምቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከተጨመረበት ግን እንዲሰረዝ ይጠይቁ። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፤ የሥራ ውልም ሕጉ ከሰጠው ያነሰ መብት ሊያስቀምጥ አይችልም። ሆኖም እንዲሰረዝ መጠየቅ በኋላ ከመከራከር ይቀላል። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ እንደሚችል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም አሠሪው ለሥራው አልተስማማችም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ያስታውሱ። በእነዚያ ቀናት እጅጌዎ ይውረድ። ደንቡ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ጥያቄዎን ዛሬውኑ በኢሜይል ይላኩ፤ መልስ ባይመጣ እንኳ መጠየቅዎ ይመዘገባል።

ጠያቂዋ በድጋሚ፦ የጋይንት ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኢሜይሉን ትናንት ላክሁ። ዛሬ ጠዋት ከሰው ሀብት ክፍል ያነጋገሩኝ ሴት ደውለው፣ የተጻፈው የአለባበስ መመሪያ ሁለት ገጽ መሆኑንና ስለ ጫማ ተረከዝ ቁመት እንኳ እየደነገገ ስለ ንቅሳት ምንም እንደማይል፣ ይሁን እንጂ «ከላይ የመጣ» መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። የሚፈረመውን ወረቀት አስቀድመው በኢሜይል ሊልኩልኝ ተስማምተዋል። በዚሁ አጋጣሚ የሴቶች የደንብ ልብስ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው፤ ረጅም እጅጌ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ቀን የተነጋገርንበት ጌጥ ከመጀመሪያውም የሚታይ አልነበረም ማለት ነው።

ለመግባት ወስኛለሁ፤ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሥራውንም እፈልገዋለሁ። ለእናቴ ስነግራት ግንባሯ ላይ ያለውን መስቀል በጣቷ ነካ አድርጋ «ታዲያ ልጠይቅሽ የመጣሁ ቀን በየትኛው በር ልገባ ነው?» አለችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። የቅርንጫፍ ሰው ለጻፉት መልስ ቢኖረኝም ለጊዜው ይቆየኝ። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ያንን ዐረፍተ ነገር ፈልጌ፣ ካለበት ዓርብ ከመፈረሜ በፊት እዚሁ እጽፈዋለሁ።